የበርሜሉ ክዳንና የጅቡቲ አዲሶቹ ሐኪሞች

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከድሬዳዋ ተነሥተን ወደ ጅቡቲ ያቀናነው በመጋቢት ወር መግቢያ ላይ፣ የባሕሩ ጠረፍ ሙቀት ገና ሙሉ ጉልበቱን ሳያገኝ ነው። ባቡሩ አዲጋላንና አይሻን አልፎ ደወሌ ሲደርስ የአገራችን ምድር ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዓሊ ሳቢህና ሆልሆል በጥቁር ድንጋይ ኮረብቶች መካከል ብቅ ይላሉ። በመጨረሻም ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ ጨው ያዘለ ነፋስ ፊታችንን ዳሰሰው።

የቀድሞውን ባቡር የሚያስታውሱ አንባብያን ብዙዎች ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ባለችበት ስፍራ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነበር። ዛሬ በዚያ ምትክ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር ይመላለሳል። ነገር ግን መንገዱ ያው መንገድ ነው። ከወደብ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ወደብ፣ ጨውና ቡና፣ ጨርቃ ጨርቅና ሰው ሲመላለስበት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ መንገድ ያልተጠራ እንግዳም ሊጓዝበት እንደሚችል የተገነዘብነው እዚያው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የውሃ በርሜል አጠገብ ቆመን ነው።

ከተማዋን በአጭሩ

ጅቡቲ በእግር የምትዞር ከተማ ናት፤ ማለዳ ወይም ከቀትር በኋላ ከሆነ ማለታችን ነው። በአሮጌው መካከል ከተማ ደርቦቹ በቅስት ተሰልፈው የእግረኛውን መንገድ ያጠላሉ። ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረው ስፍራ ዛሬ የነጻነቱን ቀን፣ ሰኔ 27 ቀን 1977ን፣ ስም ይዟል። ከዚያ ጥቂት አለፍ ሲሉ የሐሙዲ መስጊድ ነጭ ሚናራ ከገበያው ጫጫታ በላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። ከገበያው ወዲያ የሕዝቡ ሰፈሮች ይጀምራሉ፤ ስማቸው በቁጥር ነው፤ ካርቲዬ አንድ፣ ካርቲዬ ሁለት እየተባለ እስከ ሰባት ይቆጠራሉ። የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ሲሻገሩ ደግሞ ሰፊው በልበላ በኮረብታው ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ሲከፋፈል መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ሞቅ ይልና፣ ወዲያው ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ጥላ ሥር ያርፋል። አማርኛ በየመንገዱ ይሰማል። የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ የወደቡ ጫኝና አውራጅ፣ የምግብ ቤቱ አሳላፊ፣ ወደ የመን ለመሻገር ወረፋውን የሚጠብቀው ወጣት፣ ሁሉም ከአገራችን የመጡ ናቸው።

የበርሜሉ ነገር

ያረፍነው ከሃያ ዓመታት በላይ እንጀራ እየጋገሩ ለሾፌሮች በሚሸጡ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ቤት ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው አልን። በግቢያቸው ጥግ ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ቆመዋል፤ በጣራው ላይም ጥቁር የውሃ ታንከር ተቀምጧል። በጅቡቲ ውሃ ማጠራቀም ግዴታ ነው። ዝናብ ብርቅ ነው፤ ቧንቧው ደግሞ ሁልጊዜ አይታመንም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በሶማሌ ክልላችን ከሐዳጋላ አካባቢ ጉድጓዶች የሚመጣ ውሃ በረጅም ቧንቧ ወደ ከተማዋ እንዲገባ የተደረገ ቢሆንም፣ ውሃ አጠራቅሞ የማደር ልማድ ከሰዉ ቤት አልወጣም።

ማምሻውን ቡና እየተፈላ ሳለ የእትዬ ልጅ ከሆስፒታል ተመለሰች። ጅቡቲ የተወለደች ናት፤ ከእናቷ ጋር አማርኛ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ሶማሊኛ፣ ከመምህራኗ ጋር ፈረንሳይኛ ትናገራለች። የሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ የመመረቂያ ጥናቷን ለዳኞች የምታቀርብበት ቀን ስድስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ነጭ ካባዋን ሳታወልቅ የእጅ ባትሪ አንሥታ ወደ በርሜሉ ሄደች። ክዳኑን ገልጣ ጥቂት ካየች በኋላ ጠራችን።

«እነሆ፣ እዩ» አለችን። በውሃው ገጽ ላይ ከስንዴ ዘር የሚያንሱ ነገሮች ተኝተው ነበር። «ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ የሚንጠለጠለው እጭ የሌላ ትንኝ ነው። እንዲህ በውሃው ገጽ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛው ግን የወባ ትንኝ ልጅ ነው።»

«እማዬ፣ ይህን ክዳን ማን ከፈተው?» ስትል ዞረች።

እትዬም፣ «ጎረቤት ውሃ ቀድታ ስትሄድ ረስታው ይሆናላ። አንቺ ደግሞ መጽሐፉን ትተሽ በርሜል ስትቆጥሪ ልትመረቂ ነው» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ለካ የጥናቷ ርእስ በሰፈሩ የሚገኙ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ኖረዋል።

አንድ አገር ሐኪሞቹን በአገሩ ሲያስተምር

በማግስቱ ልጅቱ ወደምትለማመድበት ወደ ፔልቲዬ ሆስፒታል አብረናት ሄድን። ፔልቲዬ በቅኝ ግዛቱ ዘመን የተሠራ፣ የአገሪቱ ዋና የሕዝብ ሆስፒታል ነው። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያዎች ተለጥፈው አየን። እኛ ፈረንሳይኛ ብዙም ስለማናውቅ ልጅቱ እያነበበች ተረጎመችልን። በመጋቢት 24 የሚውለው የዓለም የሳንባ ነቀርሳ ቀን፣ በሚያዝያ 25 የሚውለው የወባ ቀን፣ በሰኔ 14 የሚውለው የደም ለጋሾች ቀን ተራ በተራ ሰፍረዋል። ከእነዚህ በታች ጥናታቸውን የሚያቀርቡት ተማሪዎች ስምና ሰዓት ተጽፏል። በፈረንሣይ ሥርዓት መሠረት ጥናት የሚቀርበው በአደባባይ ነው። ወላጅ፣ ጎረቤት፣ የወደደ ሁሉ ገብቶ ማዳመጥ ይችላል።

እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ለሌላ ከተማ ተራ ነገር ይመስል ይሆናል። ለጅቡቲ ግን የአንድ ትውልድ ድካም ውጤት ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ስትወጣ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ወጣት ባሕር ተሻግሮ መሄድ ነበረበት፤ የሄደ ሁሉ ደግሞ አልተመለሰም። ለረጅም ዘመን የከተማዋ ሕክምና የተደገፈው ከውጭ በሚመጡ ሐኪሞች ነበር። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1981 ጀምረው ተመላልሰዋል። የፈረንሣይ ጦር የሚያስተዳድረው የቡፋር ሆስፒታልም ለብዙ ዓመታት በሽተኞችን ሲቀበል ቆይቶ በ2015 ተዘግቷል። እንግዳ የሠራው ቤት እንግዳው ሲሄድ መዘጋቱ የማይቀር ነው።

የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ2006 ሲሆን፣ የሕክምና ትምህርት የተጀመረው በማግስቱ ዓመት፣ በ2007 ነው። ከዚያ ወዲህ በግድግዳው ላይ የሚነበበው ስም የአገሩ ልጅ ስም ሆኗል። ልጅቱ በኮሪደሩ ስታልፍ አንድ ሽማግሌ በአፋርኛ ሰላምታ ሰጧት፤ በሶማሊኛ መለሰችላቸው፤ ተግባቡም። ከዚያም ከወሎ የመጣ፣ ባሕር ሊሻገር ሲል የታመመ አንድ ወጣት አልጋ አጠገብ ቆማ «የት ጋ ነው የሚያምህ ወንድሜ?» ስትለው፣ ልጁ ቋንቋውን ሲሰማ ፊቱን በአንሶላው ሸፈነ። መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት በራሱ አፍ መጠየቁ ምን ያህል ሕክምና እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ተረዳን።

የከተማ ወባ

አዲሱ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ሳይደፍን ከባድ ፈተና መጣበት።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ አገር በሙሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። ወባን ፈጽሞ ለማጥፋት ጥቂት የቀረ መስሎ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከዚያ በፊት በአፍሪካ ምድር ያልታወቀ ትንኝ በከተማዋ ተገኘ። ስሙ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ሰላጤ ነው። ግኝቱን በ2014 ለዓለም ካሳወቁት መካከል የጀርመን ጦር የሕክምና አገልግሎት የነፍሳት ሊቅ የሆኑት ሚካኤል ፋውልደና ጅቡቲያዊው ቡህ አብዲ ኻይሬ ይገኙበታል። ለወታደር ጤና ሲባል የተዘረጋ የትንኝ ወጥመድ የአንድን አህጉር አደጋ አስቀድሞ ማሳየቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የለመድናቸው የአፍሪካ የወባ ትንኞች የገጠር ናቸው። የሚራቡት ዝናብ ባቆረው ኩሬና በረግረግ ነው፤ ዝናቡ ሲያልፍ እነርሱም ይመነምናሉ። ይህኛው ግን የከተማ ትንኝ ነው። ንጹሕ ውሃ ይወዳል፤ በበርሜል፣ በታንከር፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ በግንባታ ስፍራ በተጠራቀመ ውሃ ይራባል። ሰው በድርቅ ጊዜ ውሃ ሲያጠራቅም ትንኙ ቤት አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ በጋም ክረምትም አይለይም። ማምሻውን ሰው ገና ደጅ ተቀምጦ ሳለ ይነክሳልና፣ ለመኝታ ብቻ የተዘረጋ አጎበርም ብቻውን አይበቃውም።

ውጤቱም አስደንጋጭ ሆነ። በ2020 የተመዘገቡት ሕሙማን ከ73 ሺህ በላይ ደረሱ። የአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ መሆኑን ያስታወሰ ሰው የነገሩን ክብደት ያለ ሌላ ማስረጃ ይረዳዋል።

እትዬም በዚያ ዓመት ከታመሙት አንዷ ነበሩ። «ብርዱ ሲጀምረኝ በዚህ ሁሉ ሙቀት ጋቢ ደራርቤ ተንቀጠቀጥኩ» ሲሉ አጫወቱን። በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ጣታቸው ተወግቶ በፈጣኑ መመርመሪያ ሲታይ ወባ የለም ተባሉ። ቤታቸው ገብተው ተኙ። በሦስተኛው ቀን ልቡናቸውን ሊስቱ ሲሉ፣ ያን ጊዜ ገና የጀማሪ ተማሪ የነበረችው ልጃቸው ጎረቤት ጠርታ ወደ ሌላ ሕክምና ቤት ወሰደቻቸው። ደማቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወባው ተገኘ።

መመርመሪያው ስለምን ሳተ? ልጅቱ እንዳስረዳችን፣ የተለመደው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ወባው የሚያመነጨውን አንድ የፕሮቲን ዓይነት ነው። በጅቡቲ፣ በኤርትራና በአገራችን ከሚገኙት የወባ ተሕዋስያን አንዳንዶቹ ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል አጥተዋል። በደም ውስጥ እያሉ መመርመሪያው አያያቸውም። «ከዚያ ቀን በኋላ ነው ወባን ለማጥናት የቆረጥኩት» አለችን። እናቷም ጣልቃ ገብተው፣ «እኔ ታምሜ ነው ርእስ የሰጠኋት» አሉ።

በትንኙ ላይ የሚደረገው ትግል እስከ ዛሬ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2024 በአምቡሊ ሰፈር፣ ዘረመላቸው በቤተ ሙከራ የተለወጠ ወንድ ትንኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ተለቀዋል። ወንድ ትንኝ ሰው አይነክስም፤ ከእነዚህ ወንዶች የሚወለዱ ሴቶች ደግሞ ሳያድጉ እንዲሞቱ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። ልጅቱ ይህን ከነገረችን በኋላ፣ «ሳይንሱ የራሱን ይሥራ፤ እኛ ግን ክዳኑን እንግጠም» ብላ ጨመረች።

በሐዲዱ ላይ የመጣ እንግዳ

አንባቢ ይህ የጎረቤት አገር ጉዳይ ነው ብሎ እንዳይዘናጋ የሚከተለውን እናስታውሳለን። ይኸው ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። በድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን በሙሉ 205 ብቻ የነበሩት የወባ ሕሙማን፣ በ2022 ከ2,400 በላይ ሆኑ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች ነገሩን ለመመርመር ከሄዱባቸው ስፍራዎች አንዱ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ነበር። እዚያም ከተያዙት ትንኞች አብዛኞቹ ያው ከባሕር ማዶ የመጣው ዓይነት ሆነው ተገኙ። ከወደቡ እስከ ድሬዳዋ ያለው መንገድ እኛ በአንድ ቀን የተጓዝነው መንገድ ነው።

ሆኖም ከወባ ጋር ተፋልሞ የተማረ ትምህርት ቤት የጅቡቲው የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ በዚያ አካባቢ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ መዓት ነበር። የዚያ ኮሌጅ ልጆች በእግርና በበቅሎ እየዞሩ ረግረግ ሲያደርቁና ሕዝብ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ኮሌጁም አድጎ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ጎንደር ወባን በረግረግ ዳር አገኘችው፤ ጅቡቲ በበርሜል ውስጥ። የሁለቱም ሐኪሞች ሥራቸውን የጀመሩት ግን ከአንድ ቦታ፣ ከሰው ደጃፍ ነው።

የጥናቱ ቀን

ስድስተኛው ቀን ሲደርስ እትዬ ከሌሊቱ ጀምረው ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ አደሩ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሦስት ሶማሌ ጎረቤቶቻቸውንና ሁለት ሾፌሮችን አስከትለው ወደ አዳራሹ ሲገቡ እኛም ከኋላ ተቀመጥን። ዳኞቹ ካባቸውን ደርበው በመድረኩ ተሰለፉ። ልጅቱ ቆማ በፈረንሳይኛ መናገር ጀመረች። እትዬ አንድ ቃል አይሰሙም፤ ነገር ግን ዓይናቸውን ከልጃቸው አፍ ላይ አልነቀሉም።

በመካከሉ በግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ በራ። ሰማያዊ በርሜል ነው፤ ክዳኑ በግማሽ ተከፍቷል። እትዬ ወደ እኛ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጉን ረሱና፣ «ይኼ የኔ በርሜል አይደለም እንዴ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ከዳኞቹም አንዱ ፈገግ አለ። ልጅቱ ለአፍታ ቆም ብላ ወደ እናቷ ተመለከተችና ቀጠለች። ሲፈጸም እጇን ዘርግታ የሐኪሞችን ቃለ መሐላ ስትገባ እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዳቦው በግቢው ተቆርሶ ለዳኛውም ለሾፌሩም እኩል ደረሰ።

ለቤተሰብ ማእዘናችን

ከጅቡቲ ይዘን የተመለስነው ስጦታ ሽቱም ሽርጥም አይደለም። አዲሲቱ ሐኪም በወረቀት ጽፋ የሰጠችንን ምክር ለየቤቱ እናደርሳለን፤ በተለይ ቆላማ በሆኑ ከተሞች ለሚኖሩ ቤተሰቦች።

የበርሜልና የገንዳ ክዳን ሁልጊዜ ይገጠም። ክዳን ከሌለ ጥብቅ ወንፊት ጨርቅ ይታሰርበት። የጣራ ታንከርም አይዘንጋ፤ ዓይን የማያየው እርሱን ነውና።

ማጠራቀሚያው በየሳምንቱ ተራግፎ ይታጠብ። በሞቃት አገር ዕንቁላሉ አድጎ የሚበር ትንኝ ለመሆን ከሳምንት ብዙም ስለማይዘገይ፣ በየሰባት ቀኑ የሚያጥብ ቤት ትንኝ አያሳድግም።

አጎበር ይዘርጋ። ማምሻውን ደጅ ሲቀመጡም ልጆች እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

ትኩሳት ያለበት ሰው ምርመራው «የለም» ቢለውም ካልተሻለው ሳይውል ሳያድር ይመለስ፤ ደሙም በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት ይጠይቅ። ሕፃንና ነፍሰ ጡር አንድ ቀን እንኳ አይዘግዩ።

ከናጋድ የተነሣው ባቡር ሲመልሰን በየጣቢያው ሰዎች ውሃ በጀሪካን ተሸክመው አየን። ያላቸውን ውሃ እንዳያጡ የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው፤ የሚፈረድባቸው አይደሉም። ቤታችን እንደደረስን ሻንጣችንን ሳንፈታ ወደ ጓሮ ዞርን። የበርሜላችን ክዳን ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ቆሟል። ባትሪ አምጥተን ጎንበስ ብለን አየን፤ በውሃው ገጽ ላይ ጠፍጣፋ ሆነው ተኝተዋል። ልጆቻችንን ጠርተን በርሜሉን አብረን ገለበጥነው።